መጀመሪያ ቁሚ፣ ከዚያ ፍሪ

የጋሽ በላቸውን ሞት የነገረኝ ባለሱቁ ሸምሱ ነው። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ "ትርንጎ፣ ጋሽዬ አረፉ። ከትናንት ወዲያ ቀበርናቸው፤ ስልክሽን ያገኘሁት አሁን ነው" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገና ቀጠለ። "ውሻው ሦስት ቀኑ ነው፣ እህል አልቀመሰም። የሚጠጋውም የለም። ልጃቸው ሰብለ ነገ ጠዋት ሐኪም አምጥታ በመርፌ ልታስገድለው ነው። ትመጫለሽ?"

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከሁለት የሥራ ጓደኞቼ ጋር ከተከራየኋት ክፍል ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ለሞቱት ሰው ማዘን ሳልጀምር ውሻውን ፈራሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን የሆነው እሱ ነው። ጋሽ በላቸውም ከእኔ የሆነውን እንጂ ያማረውን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ከደብረ ብርሃን ገጠር መጥቼ ቤታቸው ለሥራ ስገባ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቤታቸው አቃቂ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሰብለ አግብታ አዳማ ትኖራለች። እሳቸው ቃሊቲ አንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተው ነበር። አጭርና ቀጭን ሰው ናቸው። ኮፍያቸው ከራሳቸው ሰፋ ስለሚል ሰው ሰላም ሲሉ በእጃቸው ይዘውት ነው።

ውሻውን የሰጣቸው እዚያው ፋብሪካ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ውሉ አልቆ ሲሄድ የሁለት ወር ቡችላ እቅፋቸው ላይ አስቀምጦ፣ ይሄ ትልቅ ይሆናል ብሏቸዋል። እሳቸው የሰፈር ውሻ የሚያህል መስሏቸው ቡቺ ብለው ስም አወጡለት። ዓመት ሳይሞላው ግን ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር አንገቱን ሳይዘረጋ የሚያነሳ ሆነ። በሁለት የኋላ እግሮቹ ሲቆም የፊት እግሮቹ የጋሽ በላቸው ትከሻ ላይ ያርፉና ጭንቅላቱ ከኮፍያቸው በላይ ይውላል። ሸምሱ ሁልጊዜ፣ "ይሄ ቡቺ ከተባለ የእኔም ሱቅ መርካቶ ይባልልኝ" ይል ነበር። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ሙስሊም ስለሆነ የውሻ ለሃጭ ልብሱን እንዳይነካው ሁልጊዜ ሦስት እርምጃ ርቆ ነበር የሚያወራን።

ይህን ሁሉ የገባሁ ዕለት የነገረኝ የለም። ደላላዋ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሥራው ቀላል ነው ብላ ነው ያመጣችኝ። የላሜራው በር ተከፈተና ከጋሽ በላቸው ትከሻ አጠገብ አንድ ግራጫ፣ ትልቅ ራስ አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እኔ ስፈራ ድምፄ ይጠፋል። ቡቺ ቀስ ብሎ መጣና ጎኑን ጭኔ ላይ ለጥፎ ክብደቱን ሁሉ ጣለብኝ። በቃ፣ እዚሁ ሊጨርሰኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጋሽ በላቸው፣ "ተደገፈሽ እኮ" አሉኝ እየሳቁ። "የዚህ ዘር ልማዱ ነው፤ የወደደውን ሰው እንደ ግድግዳ ይደገፋል። ጎበዝ ነሽ፣ አልሮጥሽም።"

መሮጥ አቅቶኝ እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ለምን እንደዚያ እንደምፈራ አንድ ቀን ጠየቁኝ። ልጅ ሆኜ አንድ ጎረቤታችንን እብድ ውሻ ነክሶት ነበር። ሰውዬው ቁስሉ ድኖ፣ ሥራውን እየሠራ ሰንብቶ ድንገት ታመመ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለ ዛፍ ጋር አስረውት፣ ውሃ በጣሳ ሲያቀርቡለት የጮኸውን ጩኸት ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። ውሃውን ነበር የሚፈራው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ሳይ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ያ ድምፅ ነው። ጋሽ በላቸው ይህን ሲሰሙ አልሳቁም፣ አይዞሽ ምንም አይልም አላሉኝም። ጆሯቸውን እየጎተቱ ጥቂት አሰቡና፣ "እንደሱ ያለ ነገር የሰማ ሰው ይፈራል" አሉ። "ፍርሃት ነውር የለውም። ሩጫው ነው ጉዱ። መጀመሪያ ቁሚ፤ ከዚያ እንዳሻሽ ፍሪ።"

ከዚያ ወዲያ ይህን ቃል ለብዙ ነገር ሲሉት ሰማሁ። መኪና መንገድ ስሻገርም፣ ቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ስገባም፣ "መጀመሪያ ቁሚ" ይሉኛል።

ቡቺን መንከባከብ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ሥራ ነው። ጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ ከሥጋ ቤቱ ሳንባ አመጣለሁ። ከፉርሽካ ጋር ቀቅዬ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ብሎ እንዳይበላ ሳህኑ የሚቀመጠው በግማሽ በተቆረጠ በርሜል ላይ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይበላል፤ ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ መነሳት የለበትም። ሆዱ ሞልቶ ከሮጠ ጨጓራው ተጠምዝዞ እንደሚሞት መሐንዲሱ አስጠንቅቋቸዋል። ስለዚህ ጋሽ በላቸው በርጩማ ይዘው አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ሊነሳ ሲል አንገቱ ላይ እጃቸውን ጣል ያደርጋሉ። የሚተኛበት ጆንያ ሳሳ ሲል ክርኑ ይቆስላልና ቅቤ ይቀቡታል። የተቀቀለ አጥንት ፈጽሞ አይሰጠውም፤ ይሰነጠቃል፣ ይወጋል ይሉ ነበር። ይህን የገባሁ ዕለት አንዴ፣ በማግስቱ ደግሞ አንዴ ነገሩኝ።

አንድ ነገር ነበራቸው። ውሻውን ከማብላታቸው በፊት ራሳቸው ማዕድ እንደሚቀርቡ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ይጠቀልላሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ልቅም አድርገው። ቡቺ እጅጌው ሲጠቀለል ካየ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ አይተው፣ "ለዲያቆንም እንዲህ አይታጠቡ" ይሏቸዋል። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ለቡቺ እንቁላል መግዛታቸውንም ተናግረዋቸዋል፤ ጾም የሚያስገድፍ ውሻ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም ብለው። ጋሽ በላቸው ኮፍያቸውን አንስተው፣ "እሱ እኮ ንስሐ አባት የለውም፣ እትዬ ሙሉ" ብለው አለፏቸው።

እትዬ ሙሉ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ አጥሩ ደግሞ አሮጌ ቆርቆሮ ነው። እኔ ብሆንም እፈራ ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል እንደዚህ ኖርን። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ ግን ለመድኩት። ከዚያ በአንድ ሳምንት መጨረሻ ሰፈሩ ውስጥ እብድ ውሻ ገብቷል ተባለ። ከመጋዘኖቹ በኩል መጥቶ አንድ ፍየል ነክሷል። እኛ በር ድረስም መጣ። በላሜራው ሥር ባለው ክፍተት ከቡቺ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተናከሱ። እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ፤ ጩኸታቸውን ብቻ ነው የሰማሁት። እብዱን ውሻ የሰፈር ሰው አሳድዶ ገደለው። ጋሽ በላቸው ቡቺን ሲያገላብጡት አፍንጫው ላይ ቀጭን ጭረት አገኙ። በሳሙና አጠቡለት። ክትባቱን በየዓመቱ እንደወሰደ፣ ካርዱም ቢጫ ፖስታ ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። እኔ ግን ከዚያች ጭረት ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ በላቸው ጸበል ሄደው ነበር። ሳህኑን ይዤ ወደ በርሜሉ ስጠጋ ከውጭ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። ደነገጥኩ፤ ሳህኑ ከእጄ ወደቀ፤ ሮጥኩ። እንዳልሮጥ ሁለት ዓመት ተነግሮኝ፣ ሮጥኩ። ቡቺም ተከተለኝ። ጨዋታ መስሎት ይሁን፣ እሱም ደንግጦ ይሁን አላውቅም፤ ባቴን ያዘኝ። ወዲያው ለቀቀኝ። ቁስሉ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለው ነገር ለሚናገር ሰው ቀላል ነው። እኔ ግን አንድ ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ በልቤ የምለው ሰው ነበርኩ። ጥፋቱም የእኔ ነበር፣ ሮጫለሁ። ብናገር ቡቺ እንደሚገደል አውቃለሁ። ደግሞ የበሽታውን ስም ከጠራሁት የሚመጣብኝ መሰለኝ። ባቴን በጨርቅ አስሬ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሥር የሚቀጠቅጡ አንድ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ በጓሮ ሄድኩ። መራራ ነገር አጠጡኝና ጣታቸውን ቀስረው፣ "አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገሪ" አሉኝ። "ከተሻገርሽ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ትሞቻለሽ።" አገሬም እንደዚሁ ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። አመንኩ።

ጨርቁንም፣ ፍርሃቱንም መደበቅ ችዬ ነበር። ወንዙን ግን መደበቅ አልቻልኩም፤ ሥጋ ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው። ማክሰኞ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ረቡዕ ሸምሱን ለምኜ ሰው አስላክሁ። ሐሙስ ሳንባ አልቋል ብዬ ዋሸሁ። ሌሊት ሌሊት ውሃ በጣሳ ቀድቼ ዓይኔን ጨፍኜ እጠጣለሁ፤ ጉሮሮዬ እንቢ አለ ወይስ አላለም ብዬ አዳምጣለሁ።

አርብ ጠዋት ጋሽ በላቸው ኩሽናው በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጆሯቸውን እየጎተቱ ነበር።

"ትርንጎ፣ የትኛው እግርሽ ነው?" አሉኝ።

ተነከስሽ ወይ አላሉኝም። "እኔም የገጠር ልጅ ነኝ፣ ወንዝ መሻገር የተወ ሰው ምን እንዳገኘው አውቃለሁ" አሉ። ቀሚሴን ገልጬ ባቴን አሳየኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ስለ ቡቺ አንድ ቃል አልተነፈሱም። መታወቂያሽን ያዢ አሉኝ፣ ቢጫውን ፖስታ ኪሳቸው ከተቱ፣ ወጣን።

ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩ አፍ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። የጭነት መኪኖች ሲያልፉበት ድልድዩ ከሥሩ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል። እሞታለሁ አልኳቸው። መድኃኒት አዋቂው ያሉትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ወይም ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙ።

"እንግዲያው ጥፋቱ በእኔ ይሁን" አሉ። "ያሻገርኩሽ እኔ ነኝ። እግዜር ከጠየቀሽ፣ በላቸው ነው በይው።"

እጄን ይዘው ተሻገርን። መሀል ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ነርሷ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ረጅም ጊዜ አጠበችው። መርፌ ወጋችኝ፣ የምመለስባቸውን ቀናት ካርድ ላይ ጻፈችልኝ። የሥራ ሥሩ ነገር ከዚህ በሽታ እንደማያድን፣ አራት ቀን መቆየቴም ትልቅ ስህተት እንደነበር ነገረችኝ። የውሻውን ካርድ አይታ፣ "እንዳትገድሉት" አለች። ከነከሰበት ቀን አንስቶ ዐሥር ቀን ታስሮ ይጠበቅ፤ ዐሥሩን ቀን ጤነኛ ከሆነ ሲነክስሽ በሽታው ለሃጩ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው አለችኝ። የሚመጣው ሐሙስ ዐሥረኛው ቀን ነበር። ስድስት ቀን ቀረን።

እትዬ ሙሉ ስመለስ ባቴ ላይ ፋሻ አይተው ጠየቁ። ጋሽ በላቸው መዋሸት አያውቁም። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው በራችን ላይ ተሰበሰበ። እትዬ ሙሉ የልጅ ልጆቻቸውን እየጠቀሱ፣ ዛሬውኑ ይገደል አሉ። ጋሽ በላቸው ቡቺን በወፍራም ሰንሰለት ግቢው ጥግ ካለው ምሰሶ ጋር አሰሩ፤ በሩን ከውስጥ ቆለፉና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። በአጥሩ ላይ ሆነው፣ እስከ ሐሙስ ታገሱኝ፣ ሐሙስ ጠዋት እኔው ራሴ በሩን እከፍትላችኋለሁ፣ ታሞ ካገኛችሁት የፈለጋችሁትን አድርጉ አሏቸው። ለእኔ ደግሞ እንዳልጠጋው፣ የሚያበሉት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ነገሩኝ።

ሰኞ የዕድር ቀብር ነበርና ጋሽ በላቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተመለሱም። የቡቺ የምግብ ሰዓት አለፈ። ማልቀስ ጀመረ፤ ያ ትልቅ ገላ እንደ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው። ፈራሁት፣ አሳዘነኝም። መጠጋት ስላልቻልኩ የኩሽናውን መስኮት ከፍቼ ከእሑድ የተረፈ የተቀቀለ የበግ ጎድን ወረወርኩለት። ሲቆረጥመው ሰማሁ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ቡቺ አልበላም።

አፉ ገርበብ ብሏል፣ አይገጥምም። ለሃጩ እንደ ገመድ እስከ መሬት ይንጠለጠላል፣ ደም የተቀላቀለበት። ፊቱን በፊት እግሩ ይቧጭራል፣ ግድግዳው ላይ ይፈትጋል፣ ያቃስታል። ውሃ ቢያቀርቡለት ራሱን አዞረ። ውሃውን ሲሸሽ ሳይ ያ የልጅነት ጩኸት ከጆሮዬ ውስጥ ተነሳ። ባቴን በሁለት እጄ ይዤ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አልቆልኛል አልኩ።

እትዬ ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ አይተው ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከመጋዘኑ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ይዘው መጡ፤ ሰውም ተከተላቸው። ጋሽ በላቸው በሩን ከፈቱ። ሐሙስ አልደረሰም ብለው አልተከራከሩም። ትከሻቸው ወርዶ፣ ያቺን ሰፊ ኮፍያ አውልቀው፣ "ቃሌ ቃል ነው፤ ከታመመ ታሟል" አሉ። "ብቻ ጭንቅላቱን አትምታው፤ ለምርመራ ይፈለጋል። ልቡን።" ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

እኔ ያን ጊዜ ነው አጥንቱ ትዝ ያለኝ።

ተነስቼ ኩሽናው በር ላይ ቆምኩ። "አጥንት ነው" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እኔ ራሴ በደንብ አልሰማሁትም። ሰው ያወራል፣ እትዬ ሙሉ ሕፃናቱን ያባርራሉ፣ ጥበቃው ቦታ ይመርጣል። ወደ ውስጥ ልመለስ ነበር። እግሬ መዞር ጀምሮ ነበር። ቆምኩ። ከዚያ ደግሜ፣ በማላውቀው ድምፅ፣ "አጥንት ነው!" አልኩ።

ጋሽ በላቸው እጃቸውን አነሱ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ አርፎብኝ አያውቅም።

"ትናንት በመስኮት የጎድን አጥንት ወረወርኩለት" አልኩ። "የተቀቀለ።"

እትዬ ሙሉ፣ "አሁን ያመጣችው ነገር ነው፤ ልታተርፈው ፈልጋ" አሉ።

ጋሽ በላቸው ግን እኔን ብቻ እያዩ፣ "አጥንቱ አፉ ውስጥ ተሰንቅሮ ነው የምትይው? እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ።

አዎ ማለት ነበረብኝ። ጠመንጃው ከትከሻ ወርዷል፣ ውሻው ያቃስታል፣ አዎ ብል ያልቃል። ግን አላየሁም። የሰማሁት ሲቆረጥም ብቻ ነው። እብደትም ሊሆን ይችላል።

"አይደለሁም፣ ጋሼ" አልኩ። "እርግጠኛ አይደለሁም።"

ጋሽ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠበቁትን መልስ እንዳገኘ ሰው። "ነኝ ብትይኝ ኖሮ ልታተርፊው ነው ብዬ እተውው ነበር" አሉ። ኮፍያቸውን ሰጡኝ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን እጅጌ መጠቅለል ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሸምሱ፣ "ጋሽዬ፣ አይሆንም፣ እጅዎን አያስገቡ" ሲል ሰማሁት። ሦስት እርምጃውን ረስቶ ሰንሰለቱ ድረስ ተጠግቶ ነበር። ቡቺ እጅጌው ሲጠቀለል አየ። እንደዚያ እያቃሰተ፣ ለሃጩ እየወረደ፣ እንደ ልማዱ ተቀመጠ።

በግራ እጃቸው አፉን ከፈቱ፤ ቀኛቸውን እስከ አንጓቸው አስገቡ። ቡቺ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ጥርሱ እጃቸውን ሲያደማው አየሁ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ይጸልዩ ይሆን፣ እሱን ያባብሉ ይሆን አላውቅም። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ እኚህን ሰው የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

እጃቸው ሲወጣ በሁለት ጣታቸው መሀል የበግ ጎድን ስንጣሪ ነበር። ላንቃው ላይ ከጥርስ እስከ ጥርስ ተጋድሞ ተሰንቅሮ ነው ያገኙት። መጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ለማንም አላሳዩትም፤ ለእኔ ብቻ ሰጡኝ። ጥበቃው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መለሰ። ሸምሱ ጫማው ላይ ያረፈውን ለሃጭ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ጋሽ በላቸውን ተቆጣቻቸው። እንዲህ ያለ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም፣ የእንስሳት ሐኪም ነበር የሚጠራው አለቻቸው። ልክ ነሽ ልጄ፣ አሉ እጃቸውን ለመርፌ እየሰጧት። ድልድዩን ስንመለስ ሁለታችንም ካርዳችንን ይዘን ነበር።

"አልፈሩም ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ቆሜ ነው የፈራሁት" አሉ። "አሁንም እየፈራሁ ነው።"

ምክንያቱም አጥንቱ ወጣ እንጂ ሐሙስ አልደረሰም። ስንጣሪው የቡቺን እብድ አለመሆን አላረጋገጠም። ሁለቱን ቀን ጋሽ በላቸው በርጩማቸውን ከሰንሰለቱ ትይዩ አስቀምጠው ዋሉ። እኔ ኩሽናው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ዝም በይ አሉኝ። ቡቺ አንገቱን ባልዲው ውስጥ አስገብቶ ውሃ እየጠጣ ነበር። ላፕ ላፕ የሚለውን ድምፅ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሰማን። እስከዛሬ ከሰማሁት ዘፈን ሁሉ ይበልጥብኛል።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ቃላቸው በሩን ከፈቱ። ቡቺ በልቶ፣ አንድ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የመጡት እትዬ ሙሉ ናቸው። ይቅርታ አላሉም። በፌስታል የጠቀለሉትን ነገር ለእኔ ሰጡኝና፣ "ጥሬ ነው" አሉኝ፤ "አልቀቀልኩትም።"

ከዓመት በኋላ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አገኘሁና ወጣሁ። ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ለቃለ መጠይቁ ስሄድ እስከ በሩ ሸኙኝ። ምን እንዳሉኝ መጻፍ አያስፈልግም። በዓል ሲሆን እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው የዘንድሮ ፋሲካ ነው። ቡቺ አፉ ዙሪያ ሸብቶ ነበር፤ እሳቸውም እጅጌያቸውን ሲጠቀልሉ ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ሦስቱን ጥቅልል አልዘለሉም።

ሸምሱ በደወለበት ቀን ድልድዩን የተሻገርኩት ብቻዬን ነው። ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሰብለ አቅፋኝ አለቀሰች። መግደሉን ወድዳ ሳይሆን በረሃብ ሲሞት ማየት አቅቷት እንደሆነ ነገረችኝ። ቡቺ ጥጉ ላይ ጆንያው ላይ ተኝቷል፤ የተቀመጠለት ምግብ ሁሉ ዝንብ ወርሮታል። ሰው ሲጠጋው ከጉሮሮው ያጉረመርማል።

ኩሽና ገባሁ። ስመጣ የገዛሁትን ሳንባ ከፉርሽካ ጋር ቀቀልኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅሁ። እጄን ታጠብኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እያየኝ፣ ግቢው መሀል ቆሜ፣ የቀኝ እጄን እጅጌ ጠቀለልኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ቡቺ ራሱን አነሳ። አንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዓይኑ እጅጌዬ ላይ ቀረ። በግድ ተነሳና ተቀመጠ።

ሳህኑን በርሜሉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ በላ።

ሰብለ እንባዋን ጠርጋ፣ ሐኪሙን አትምጣ ብላ ደወለችለት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ "ግን ነገስ ማን ያበላዋል?" አለች። እትዬ ሙሉ መሬት አዩ። ሸምሱ ወደ እኔ አየ።

"እኔ" አልኩ። አልተሰማም። ደግሜ አልኩት።

አሁን የምኖረው ያችው የድሮ ክፍሌ ውስጥ ነው፤ ሰብለ ቤቱን ጠብቂልኝ ብላኛለች። ወደ ፋብሪካ ከመሄዴ በፊት አበላዋለሁ፣ ስመለስም አበላዋለሁ። ከበላ በኋላ በጋሽ በላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓቱን እጠብቃለሁ። ይህንን የጻፍኩት በዚያ ሰዓት ውስጥ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው። አሁን ሰዓቱ ሞልቷል፤ ሊነሳ ነው። ሲነሳ ወደ እኔ ይመጣና ክብደቱን ሁሉ ይጥልብኛል። እስኪደርስ ድረስ ልቤ ይመታል። እኔም ደብተሬን ዘግቼ እነሳለሁ፤ ተቀምጬ አልጠብቀውም።